ለአባቷ ሲባል

«የገዛ ልጁን እንኳ አልቀጠረም እኮ!» አሉ ከቡሬ የመጡት አያ ሙጬ፣ ድንኳኑ ሙሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያውም አንደኛ ወጥታ! ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ያይኔአበባ ከእናቷ ከእታለም ጎን ፍራሽ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። የአባቷ የአድማሴ ሰልስት ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ይህን ወሬ ያላነሳ ለቀስተኛ የለም። የተበደለችው እሷ፣ የሚመሰገነው እሱ። አባቷን ትወደው ነበር፤ የባሰ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ያኔ ዲግሪዋን እንደያዘች ፍኖተ ሰላም ውስጥ እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ወጣ። ተፈተነች፤ ሁሉንም በለጠች። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን አባቷ ነበር። ራት ላይ ነገራት።

«ሁለተኛ የወጣውን ቀጠርነው።»

«ለምን? ተሳስቼ ነው?»

«አልተሳሳትሽም። ልጄ ነሽ። ሰው ምን ይለኛል?»

ከኮሚቴው ወጥቶ ለሌላ ቢተወው ምን ነበረበት! ይህን አላሰበውም፤ ወይም አስቦት ስሙን መርጧል። ቅር እንዳይላት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳት። ዋጠችው። ይኸው እስከ ዛሬ ዲግሪዋን ይዛ ቡሬ የሰው ሱቅ ውስጥ ስኳር ትመዝናለች።

አያ ሙጬ ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ክንፈሚካኤል ወርደው ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ ተነሡ።

«እሳቸው ለኛ አባት ነበሩ። አሁን አንድ የሒሳብ ቦታ ክፍት አለን። ለአባቷ ስንል ያይኔአበባን ያለ ውድድር እናስገባታለን።»

ድንኳኑ በምርቃት ተሞላ። እታለም የልጇን ጉልበት ጎሰም አደረገች። «ተነሽ እንጂ፣ እጅ ንሺ!»

ያይኔአበባ ተነሣች። በልጣ ስታሸንፍ የሱ ልጅ ነሽ ተብላ የተነፈገችው ቦታ፣ ዛሬ የሱ ልጅ ነሽ ተብላ ሊሰጣት ነው። ደግሞ ትፈልገዋለች፤ ስኳር መመዘን አንገሽግሿታል። እሺ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ኧረ አንቺ ፈተና አያስፈልግሽም፣ የኔ ልጅ» አሉ ኃላፊው።

«እንግዲያስ ይቅርብኝ። ፈተና ካለው እመጣለሁ፤ እበልጣቸዋለሁም።»

አያ ሙጬ ጭናቸውን መቱ።

«ያባቷ ልጅ! አየሃት፣ አድማሴ? ቁርጥ አንተን!»

ድንኳኑ እንደ አዲስ ለቅሶውን ለቀቀው፤ ለአድማሴ፣ ለእውነተኛው ሰው። ይህችን እምቢታዋንም ለሱ ሰጡባት። ያይኔአበባ «የኔ ነው፣ የሱ አይደለም» ልትል ስትል፣ እስካሁን እምቢ ያላት እንባ አሁን ዝርግፍ አለ።

እታለም ወደ ደረቷ ሳበቻት። «አልቅሽ፣ የኔ እናት። አልቅሽለት።»

ያይኔአበባ እንባዋም ለሱ እንዳይሰጥባት እጇን አንሥታ የእናቷን አፍ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ከደነችው።