ቡባር

ሰው የተጣለ ዕቃ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ መነጽሬን አደርጋለሁ። ያገለገሉ የሞዴል ባቡሮችን በኢንተርኔት ጨረታ እገዛለሁ፣ በወረንጦና በትንሽ ካቻቢቴ እጠግናለሁ፣ መልሼ በጨረታ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «እኔ ትልቁን እነዳለሁ፣ እሷ ትንሹን ትጠግናለች» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ያውራ!

የሙያዬን ምስጢር ልንገራችሁ፤ ግን አደራ። ጥሩ ዕቃ በርካሽ የሚገኘው ሻጩ ስሙን አሳስቶ ሲጽፍ ነው። «ባቡር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ባብር» ተብሎ የተጻፈውን በምን ያገኘዋል? ግፊያ የለ፣ ተጫራች የለ። ስለዚህ በየጠዋቱ ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብዬ «ባብር»፣ «ባቦር»፣ «በቡር» እያልኩ የሰው ስህተት አድናለሁ።

መደርደሪያዬ ላይ ግን የማይሸጡ ሰባት ፉርጎዎች አሉ። የአባቴ ናቸው። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ሥራ በሌለው ቀን ሐዲዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከእኔና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልጅ ይሆን ነበር። ሰባቱን የሚጎትተው አረንጓዴው የባቡር ራስ የለም፤ ወንድሜ ዘንድ ነው። ሌላ ራስ ብፈልግ፣ ብፈልግ የሚገጥም ጠፋ። መንጠቆውን አባቴ በእጁ ስለሠራው ከአረንጓዴው በቀር የሚይዝ የለም።

ለምን ወንድሜ ዘንድ ሄደ? በምላሴ ነዋ! ልጅ ሆኖ «ባቡር» ማለት አቅቶት «ቡባር» ነበር የሚለው። እኔም «ቡባር! ቡባር!» እያልኩ አስለቅሰው ነበር። አባታችን ሞቶ ዕቃውን ስንካፈል «ባቡሩ ለእኔ ቢሆን» አለ። እኔ ደግሞ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት «መጀመሪያ ስሙን መጥራት ይልመድ» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ፉርጎውንም ሐዲዱንም ትቶ የባቡሩን ራስ ብቻ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ወጣ። በማግስቱ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ለመድኩት። ዘጠኝ ዓመት!

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ የዩኒፎርሙን ቁልፍ እየቆለፈ ትከሻዬ ላይ አጎነበሰ።

«ስህተቱን ሁሉ ሞከርሽ?»

«ሁሉንም።»

«የወንድምሽንስ? ‹ቡባር› ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ሂድ ከፊቴ! ተሳፋሪ ይጠብቅሃል።»

እየሳቀ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ግን ጣቴ አላስችል ብሎት ጻፈው። አንድ ዕቃ ወጣ፤ አንድ ብቻ።

«ቡባር። አረንጓዴ፣ ያገለገለ፣ በቁልፍ የሚሞላ። የፊት ግራ ጎማው አልፎ አልፎ ይወልቃል። ርክክብ በአካል ብቻ።»

ፎቶውን አጎላሁት። መንጠቆው የአባቴ መንጠቆ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ንዴት! የአባቴን ዕቃ ለጨረታ! ደግሞ ይሄ ሰውዬ ዛሬም ስሙን አልለመደም! ብዬ ልስቅ ስል ደርቄ ቀረሁ። ወንድሜ እኮ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። አንዲት ፊደል ተሳስታ ካየ ምሳ አይበላም። የሠርግ መጥሪያ ካርድ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ለሙሽሮቹ የመለሰ ሰው ነው። እንደገና አነበብኩት። አራት ነጥቡ በቦታው፣ ነጠላ ሰረዙ በቦታው። የተሳሳተው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በዚያ ቃል ባቡር የሚፈልግ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወረድ ብዬ ሳይ «ገዢ ባለማግኘቱ ለስድሳ ሦስተኛ ጊዜ የቀረበ» ይላል። አንዱ ጨረታ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። ወይ እኔ! የባዕድ ስህተት ሳሳድድ፣ ወንድሜ ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ሲጠራኝ ኖሯል። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ደስታም ነው፣ እፍረትም ነው።

ከሥሩ ግን አንድ መስመር ነበረች፦ «ከዚህ በኋላ አላወጣውም።» ሊዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል!

ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ ጎተትኩ። ልጫረት ብል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። በሰው ስህተት ስጠቀም የኖርኩት ሴትዮ የራሴን የይለፍ ቃል ሦስት ጊዜ አሳሳትኩ። «አንድ ዕድል ቀርቶዎታል» አለኝ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ፣ መነጽሬን አስተካከልኩ፣ ፊደል እንደምትቆጥር ሕፃን አንድ በአንድ ነካሁ። ገባ! ተጫረትኩ። ከዚያ ደቂቃውን እየቆጠርኩ በወንበሬ ዙሪያ ተንቆራጠጥኩ። «አሸንፈዋል» ሲል ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ወዲያው ለሻጩ ጻፍኩ፦ «ጎማው ለምንድን ነው የሚወልቀው?»

መልሱ ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ መጣ፦ «አንዲት ክፉ ልጅ ግድግዳ ላይ ስለወረወረችው። እትዬ፣ ዛሬ ትመጫለሽ?»

ፉርጎዎቹን በጫማ ካርቶን፣ ሐዲዱን በትራስ ልብስ ይዤ ወጣሁ። የመጣልኝ አውቶቡስ የባለቤቴ ነበር። ፊቴንና ካርቶኑን አይቶ አንዴ ክላክሱን ነፋ፤ ትኬት ግን አስቆረጠኝ።

ወንድሜ በሩን ከፈተ፤ ሸብቷል፣ ቀይ እስክሪብቶው ጆሮው ላይ ነው። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«ቡባሩ የታለ?» አልኩ።

«ገና አሁን በትክክል ጠራሽው» አለና አቀፈኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሐዲዱን ዘረጋን። መንጠቆው ቀጭ ብሎ ያዘ፣ ሰባቱም ተከታትለው ሄዱ። እንደ ልጅ ጮኽን። በሁለተኛው ዙር ጎማው ወለቀና ወደ መሬት ተንከባለለ፤ ሁለታችንም ጠረጴዛው ሥር ገባን።

«ይቅር በለኝ» አልኩት እዚያው በእንብርክኬ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል!»

«ድገሚው።»

«ይቅር በለኝ አልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ቀይ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደና በአየር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ሰርዣለሁ» አለ፣ ዓይኑ እንባ እንደሞላ። «የቀረው ይታተም።»

ጎማውን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ።