ሰባት እልልታ

ሀብተሥላሴ ስሙን ያልጻፈበት ነገር ቢኖር ሰማይ ብቻ ነው፤ እሱም መሰላል ስላልደረሰለት። ሜክሲኮ ባለው የብረታ ብረት ሱቁ ላይ አለ፣ በመኪናው በር ላይ አለ። ለዕድራችን በሰጣቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባ ላይ ሳይቀር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰው ሞቶብን ስናለቅስ እንኳ የእሱን ስም ተደግፈን ነው የምናለቅሰው። ያንን ስም ነው እንግዲህ ለገዛ ልጁ ልጅ የነፈገው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የወንድሜ የሙለታ ልጅ ጊፍቲ ከሀብተሥላሴ ብቸኛ ወንድ ልጅ ከፍሬምናጦስ አረገዘች። ፍሬምናጦስ ሠላሳ ዓመት አልፎት አባቱን ሳያስፈቅድ ካልሲ የማይቀይር ጎረምሳ ነው። ጊፍቲ አግባኝም፣ ቀልበኝም አላለችውም። «ልጄ ስምህን ይያዝ እንጂ ሌላው ይቅርብኝ» ነው ያለችው። ሄዶ አባቱን ጠይቆ መጣና «የእኛ ስም ሜዳ ላይ አይበተንም ተብሏል» አላት። ተብሏል! ወይ ወንድ! እኔ ጠጅቱ እዚያ ብኖር ኖሮ የምሸጠውን ቲማቲም በሙሉ ፊቱ ላይ በጨረስኩት ነበር።

አባቱ የካደው ልጅ በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ የአገሩ ወግ ነው። ግን ጊፍቲም የሙለታ ልጅ፣ ልጇም የሙለታ ልጅ ልትባል ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ «እህትሽ ናት?» ይሏታል፤ ሰፈርተኛው ደግሞ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ በነጠላው ውስጥ ይስቃል። ወንድሜ ይኼን አልቻለም። «አባቱ በሕይወት እያለ ስሜን አልሰጥም፤ ልጄ ለልጇ እህት አትሆንም» ብሎ ማለና ፊቱን አዞረ። ብሽቅ ነው እሱም። ግን ወንድሜ ነውና ስድቤን ቤት ውስጥ ነው የምጨርሰው።

ልጅቷ ተወለደች፤ ጊፍቲ ኢሊሊ አለቻት። ኢሊሊ ማን? እሱ ነው የጠፋው። ሙለታማ ስሟንም አይጠራ፤ «ያቺ ልጅ አለቀሰች» ይላል እንጂ።

እኛ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ የቀበሌ ቤታችን ግድግዳ የጎረቤት ማስነጠስ አያስቀርም። በሰፈራችን ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ልጅቷን ከሐኪም ቤት ይዘናት ስንገባ ሦስቱን አልኩና ቆም አልኩ። ንድድ አለኝ። አባቷ ነፈጋት፣ አያቶቿ ነፈጓት፣ እኔ ደግሞ እልልታ ልንፈጋት? የቀረውን ጨምሬ ለቀቅኩት፤ ሰባት ሞላ።

እንዳለች የምትባለው ጎረቤታችን ለካ ግድግዳው ጋ ቆማ ትቆጥራለች። የልጅቷን ፊት እንኳ ሳታይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሜክሲኮ በረረች። «የምሥራች፣ ወንድ ልጅ!» ብላ ከሀብተሥላሴ እጅ አዲስ ጋቢ ተሸልማ ተመለሰች። በማግስቱ አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ እውነቱን አየች። ታዲያ ጋቢውን ትመልስ? ለብሳው ዝም አለች። ሀብተሥላሴም ስልክ አንስቶ «አራሷ እንዴት ናት?» ማለት ውርደት ስለሚመስለው ሳይጠይቅ ከረመ።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ። በአርባኛው ቀን ዋዜማ ሀብተሥላሴ በግ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ የነፍስ አባቱን፣ ፍሬምናጦስንና አንድ ትልቅ ኬክ አስከትሎ ከተፍ አለ። በጉ በር ላይ ታሰረ። ኬኩን ክዳኑን ገልጠው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት አጮልቄ አየሁት። «ዘርይሁን ፍሬምናጦስ ሀብተሥላሴ» ይላል። ቦታው አልበቃ ብሎ «ሥላሴ» ወደ ጎን ተንጠልጥላለች። ነገሩ ገባኝ። ጭጭ አልኩ።

ሀብተሥላሴ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለፈው አልፏል። ልጁ ደሜ ነው። ነገ ልደታ ማርያም ክርስትና ይነሳል፣ ስሜንም ይይዛል። ሽማግሌዎቹ ምስክሬ ናቸው።»

«አንተስ?» አልኩት ፍሬምናጦስን። «ያንተ ነው?»

አባቱን አየ። አባቱ አንገቱን ነቀነቀለት።

«የኔ ነው» አለ።

«አባ፣ ሰምተዋል?» አልኩ።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ቄሱ።

ጊፍቲ ልጇን ታቅፋ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያ ለምና ያጣችው ስም በእግሩ ቤቷ ድረስ መጥቶላታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ሳቄን ዋጥኩ።

«እስቲ ዘርይሁንን ልየው» አለ ሀብተሥላሴ እጁን ዘርግቶ።

«ዘርይሁን ማነው?»

«ልጅሽ ነዋ!»

«የኔ ልጅ ሴት ናት» አለች።

የተዘረጋው እጅ ተመልሶ ኪስ ገባ። እንዳለች ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደተሰወረች አላየኋትም።

«ሴት ከሆነችማ ምን ያስቸኩላል?» አለ ሀብተሥላሴ። «ሰማንያዋ ገና ነው። የስሙን ጉዳይ ረጋ ብለን እናየዋለን።» ፍሬምናጦስ ይኼኔ ቀስ ብሎ የኬኩን ክዳን መለሰ። በናታችሁ፣ ክዳኑን! የልጁን ዓይን ሳያይ ኬኩ አቧራ እንዳይነካው! እንዲህ ያለውን አባት ነው እንግዲህ ልጅቷ አጣች ብለን ስናዝን የከረምነው።

ቄሱ ግን ተቆጡ። «ደሜ ነው ብለው በእኔ ፊት አስመስክረዋል። ደም ወንድና ሴት የለውም። ስሙ የልጅቷ ነው።»

ሀብተሥላሴ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ትያዘው! ምን ይደረጋል፣ ትያዘው።»

ሁላችንም ጊፍቲን አየናት። እሷ ፍሬምናጦስን ነበር የምታየው።

«ስምህን ለምኜህ ነበር» አለችው።

«ይኸው፣ አባዬ ፈቀደ አይደል?»

«አሁን አልፈልገውም። አድጋ ይኼን ስም ከየት አመጣሽልኝ ብትለኝ፣ ከኬክ ላይ ፍቄ ልበላት? በጉንም ኬኩንም ይዛችሁ ሂዱልኝ።»

ሀብተሥላሴ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስክሞት አልረሳትም።

«ጥሩ። ታዲያ በማን ስም ልትጠራ ነው? በነፋስ?»

ጊፍቲ ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ መሬት መሬት አየች።

ጥግ ላይ ተጎልቶ የነበረው ወንድሜ ያን ጊዜ ተነሳ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ወገቡ ስለተጎዳ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ሀብተሥላሴ ቆሞ ጠበቀው። ሙለታ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ አንድ ክፉ መሐላ አለብኝ። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

ልጅቷን ከጊፍቲ እጅ ተቀበላት። ከተወለደች ጀምሮ ሲያቅፋት ይኼ የመጀመሪያው ነው። ለሀብተሥላሴ አልመለሰለትም፤ ቀና ብሎም አላየውም። ለልጅቷ ነው የነገራት።

«ኢሊሊ ሙለታ» አላት። «እህትሽ ናት ወይ የሚል ካለ፣ እኔ ጋ ይምጣ።»

ጊፍቲ ትከሻው ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሀብተሥላሴ ደጅ ወጥቶ አልሄድም ያለውን በግ ይጎትታል። እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና እልልታዬን ለቀቅኩት። ሰባት ላይም አላቆምኩም።