ለሁለት የተቆረጠው ላስቲክ

ሃ ሃ ሃ፣ ቆይ፣ ቆዩ እስኪ፣ ዋናው ገና ነው፣ እያለች ትስቃለች እታገኘሁ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት በሽተኞችም አብረዋት ይስቃሉ፣ ዓይኗ ግን ከሐኪሟ ነጭ በር አይነቀልም፣ ከዚያ በር ጀርባ መርፌ አለ።

ረጅም መርፌ። ትከሻ ውስጥ ገብቶ ሰው የጠፋበት ይመስል የሚፈልግ።

እታገኘሁ መጀመሪያ ልትታከም የመጣች ቀን ዶክተር ሄርሜላ፣ ልጅ እግር ናት፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ እናቴ የቀኝ ትከሻዎ ጅማት ተጎድቷል አለቻት፣ ጥናት ላይ ነን፣ ግማሹን ሰው በመርፌ ግማሹን ላስቲክ በመጎተት ስፖርት እናክማለን፣ የትኛው እንደሚያሽል እንድናውቅ ሌላ ነገር እንዳይቀላቅሉ፣ በሉ ዕጣ ያውጡ። ዕጣ! ዕቁብ እንኳ ሁሌ መጨረሻ ላይ የሚደርሳት ሴትዮ መርፌው ፈጥኖ ደረሳት። ኤብላ ግን፣ በገበያው ከሱቋ ጎን ድሪያ፣ የሶማሌ ቀሚስ፣ የምትሸጠው ኤብላ፣ ልብስ ከላይ ስታወርድ ልክ እንደሷ ትከሻዋን የታመመችው፣ ላስቲክ ወጣላትና አልሐምዱሊላህ አለች፣ ከመርፌ እባብ ይሻለኛል የምትል ናት። መርፌው ሲገባ እታገኘሁ የጣሪያውን አምፖል ሁለት አድርጋ አየችው፣ የሞተ አባቷን በስሙ ጠራች፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር አላባት፣ አሁንም ስታስበው ያልባታል።

በማግስቱ ታዲያ ኤብላ ምን ታድርግ፣ የሰጧትን ላስቲክ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው። እንካፈል አባዮ፣ እህቴ፣ ብቻዬን የበር ብረት ስጎትት እብድ ነው የምመስለው አለቻት። እሺ አለች እታገኘሁ፣ ምን ትበል፣ ሻይ ይካፈላሉ፣ ጥላ ይካፈላሉ፣ ለግብር ሰብሳቢው የሚነገረውን ውሸት እንኳ ይካፈላሉ፣ ላስቲክ ሲሆን እምቢ ማለት ነውር አይደል? ጠዋት ጠዋት ሁለት ወፋፍራም ሴቶች የሱቁ በር ላይ ላስቲክ አስረው ይጎትታሉ፣ ባለባጃጁ ቆሞ፣ እናቶች በሩ ተጣብቆ ነው፣ ላግዛችሁ? ይላል። አግዳሚውን ያሳቀችው በዚህ ነው። ዋናውን አላወራችም። አታወራም።

ዋናው ምን መሰለህ፣ ዳነች። ቀኝ እጇ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰሞኑን ደግሞ ግራው ጀመራት፣ ዶክተሯም አይስጉ፣ የመጨረሻውን ልኬት እንውሰድና ቀኙን ያዳነው ግራውንም ያድነዋል ብላለች። ያዳነው። የቱ? ዝም ካለች ትወጋለች፣ ላስቲኩን ካወራች ከጥናቱ ያባርሯታል፣ እሷስ ትባረር፣ ኤብላስ? የኤብላ እጅ ገና አልዳነም፣ በመዳን መንገድ ላይ ነው፣ ፀጉሯን እንኳ ልጇ ናት የምታበጥርላት፣ በእኔ አፍ ትባረር? አይሆንም። ልወጋ። ኧረ አልወጋም። እመቤቴ።

ስሟ ይጠራል። ኤብላም ትከተላታለች፣ ሐኪም ዘንድ ብቻን መግባት ደግ አይደለም።

ዶክተሯ ቀኝ እጇን ታነሳለች፣ ታወርዳለች፣ ደስ ብሏታል፣ ጥርሷ ሁሉ ወጥቷል፣ ጎበዝ እናቴ፣ ሌላ የቀላቀሉት የለም አይደል፣ ትላለች፣ እያለችም ዞራ ለግራው ትከሻ የመድኃኒቷን ጠርሙስ አንገት ቀጭ፣ መርፌው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ጠብታዋ ውስጥ መስኮቱ ተገልብጦ፣ ዝም በይ እታገኘሁ፣ ዝም፣ ጥርስሽን ንከሺ፣ ለኤብላ ስትይ፣ ግን እጇ፣ የገዛ እጇ፣ ያ የዳነው፣ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ግማሹን ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።

ጎትቻለሁ፣ ይላል አፏ። መርፌውም ላስቲኩም። የትኛው እንዳዳነኝ እኔ አላውቅም።

ሄርሜላ አትቆጣም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር፣ ድስት እንደተደፋባት ሴት ነው የምታያት። መርፌውን ታስቀምጣለች። ይሄ የኛ ላስቲክ ነው፣ ከማን አገኙት? ከገበያ፣ ትላለች እታገኘሁ፣ ከገበያ ነው ያገኘሁት፣ ወድቆ።

ከኋላዋ ኤብላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እታገኘሁ ወደኋላ በክርኗ ትጎሽማታለች፣ ዝም በይ፣ ኤብላ ግን ከጎኗ መጥታ ትቆማለች፣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች።

«ዶክተር፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ወላሂ ብቻዋን እንዳትፈራ ብዬ መርፌውንም ሌላ ሐኪም ቤት ሄጄ ተወግቻለሁ።»