እልል ያሰኘች ፀሐይ

ሽማግሌ በሚመጣበት እሁድ፣ የተጠየቀችው ልጅ ምን ትሠራለች? ሂናዋን ትቀባለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ጆሮዋን በር ላይ ለጥፋ ትሰማለች። ሩፈይዳ ሸኩር ግን ጠረጴዛዋ ጋ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ኔትወርክ ትለማመጥ ነበር። "ማሎ የኔ ጌታ፣ ማሎ! ዛሬን ብቻ አትንቀራፈፍብኝ!"

ጆሮዋ በር ላይ አልነበረም ማለት አይደለም። አንዱ እዚያ ነበር። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ችፑድ ስለሆነ፣ ወዲያ ማዶ ሰው ቢያስነጥሰው ወዲህ ሆነው "ይርሐሙከላህ" ይሉታል።

ሳሎን ውስጥ ከሰቃ ከተማ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ተናጋሪው ሐጂ ሀቢቡላህ ናቸው። የመጡት ለፋሂም ነው። ፋሂም ቡና ቀማሽ ነው፤ የቡናን ጥራት በምላሱ የሚለይ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ሩፈይዳ ስለ ፀሐይ ስታወራ አፉን ከፍቶ የሚሰማ ልጅ። ትወደዋለች። መደበቁ ምን ያደርጋል፣ ትወደዋለች! አባቷ አናጢው ሸኩር ግን ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ ሐጂ ሀቢቡላህም ገና ከመቀመጣቸው "ዛሬ ካልሆነ ከእንግዲህ ደጃችሁን አንረግጥም" ብለዋል።

ሸኩር ፋሂምን ጠልተው አይደለም። የፈሩት የአፊፋ ነገር እንዳይደገም ነው። ታላቋ ልጃቸው አፊፋ ፋርማሲ እየተማረች ሳለ "ትማራለች ኢንሻአላህ" ተብሎ ተዳረች። ዛሬ መጻሕፍቷ አጋሮ፣ ባሏ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው ተቀምጠዋል። ያንን ጆንያ ካዩ ወዲህ ሸኩር "ትማራለች" የሚል ሰው ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

ያቺው አፊፋ ዛሬ እንግዳ ለማስተናገድ መጥታ እህቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

"አንቺ ልጅ አብደሻል? እዚያ ዕድልሽ እየተቆረጠ ነው፣ አንቺ እዚህ ተጥደሻል!"

"ዝም በይ አፊ፣ ሊወርድ ትንሽ ነው የቀረው!"

"ምኑ?"

"የመንኮራኩሯ ነገር ነዋ!" ሩፈይዳ ወንበሯን አዞረች። "ፀሐይ አጠገብ ድረስ ሄዳ የምታልፍ መንኮራኩር አለች አላልኩሽም? ፀሐይ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትሰጠው፤ ያለ እረፍት ነፋስ ትተፋለች። ነፋሱ ደግሞ የመግነጢስ መስመሯን እየጎተተ ይዞት ይወጣል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቃናል።"

"ለምን?" አለች አፊፋ ሳታስበው።

"የኔ ጥናት እሱ አይደል! ገንፎ ሲንተከተክ አይተሻል? እዚህ ጋ አብጦ ይፈነዳል፣ እዚያ ጋ አብጦ ይፈነዳል። የፀሐይም ፊት እንደዚያ ነው። እጥፋቶቹ ዝም ብለው አልተበተኑም፣ ከእያንዳንዱ እብጠት በላይ በመንጋ በመንጋ ነው የሚመጡት አልኩ፤ ይህን ያህል ይሰፋሉም ብዬ ተናገርኩ። ዩኒቨርሲቲ ግማሹ ሳቀብኝ። መንኮራኩሯ በዚህ ዙር የለካችው ዛሬ ተለቀቀ። ወይ ልክ ነኝ፣ ወይ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።"

ከሳሎን የአባቷ ድምፅ መጣ። "ሐጂ፣ አክብራችሁን መጥታችኋል፣ አላህ ያክብራችሁ። ግን ልጄ ትምህርት ላይ ናት።"

"ትማራለቻ! ማን ይከለክላታል?"

"ይቺን ቃል ከዚህ በፊት ቀምሻታለሁ ሐጂ፤ አልጣመችኝም።"

ሩፈይዳ ሰማች። ዛሬም ሊመልሷቸው ነው። ፋሂም ቀረ፣ በቃ ቀረ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኮምፒውተሩም ያን ሰዓት ጠብቆ ስዕሉን ከፈተው።

መስመሩ ቀጥ ይላል። ከዚያ እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ። ጸጥ። እንደገና እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ። ጸጥ። በመንጋ! እሷ ባለችው ስፍራ፣ እሷ ባለችው ስፋት!

"እልልልልልልል!"

ወላሂ አስባበት አይደለም። አፊፋም ከአልጋው ዘላ ወርዳ "እልልልል!" ብላ ተቀበለቻት። ማድ ቤት ያለችው እናታቸው ዘይቡ ምን ታስብ? ሽማግሌ ተቀምጦ ከልጅቷ ክፍል እልልታ ከወጣ "ሰጥተናል" ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው! ማማሰያዋን እንደያዘች እልልታውን አቀለጠችው። ከአጥር ወዲያ ጎረቤት ተቀበለች፣ ከእሷ ወዲያ ሌላዋ፤ መንገድ ላይ የነበረ ባጃጅ ሳይቀር ጡሩምባውን ነፋ። ሰፈሩ ባንድ አፍታ ሠርግ ቤት ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። "አልሐምዱሊላህ! ቤቱ ራሱ መለሰልን!" አሉ ሐጂ ሀቢቡላህ፣ እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው።

"ቆዩ!" አሉ ሸኩር። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። "ሩፈይዳ! ነይ ውጪ!"

ወጣች። ሻሿ ወደ ጎን ሄዷል፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል፣ ሳቋ ግን አልቆም ብሏታል።

"ለምንድን ነው እልል ያልሽው?"

ኧረ ጉድ ፈላ! "ለፋሂም" ብትል ነገሩ እዚሁ አለቀ፣ አገባች። አፊፋ ከበሩ ላይ "በያ፣ በይው" እያለች በዓይኗ ትለምናለች። ሐጂም ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ሩፈይዳ አባቷን አየቻቸው። እሳቸውን ዋሽታ አታውቅም፤ ደግሞስ ያን የመሰለ እልልታ ለሌላ እንዴት ይሰጣል?

"ለፀሐይ ነው አባ። እጥፋቶቹ በመንጋ መጡ። ልክ ነበርኩ።"

ዘይቡ "ወይኔ ጉዴ!" ብላ ማማሰያዋን ጣለች። ሐጂ ሀቢቡላህ የዘረጉትን እጅ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

"ሽማግሌ ተቀምጦ?" አሉ ሸኩር ቀስ ብለው። "ሰው ስላንቺ እየለመነ፣ አንቺ ፀሐይ ላይ?"

"ይቅርታ አባ። ፋሂምን እወደዋለሁ፣ ወላሂ እወደዋለሁ። እልልታው ግን የፀሐይ ነው።"

የአባቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሏት ክው አለች። ሳቅ ነበር! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድግዳውን እስኪደገፉ ሳቁ።

"ሐጂ፣ እኔ ባል ከትምህርቷ ይነጥላታል ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ይቺን ማን ይነጥላታል? የሚያሳዝነውስ ልጃችሁ ነው!"

"ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ፋሂም ከፀሐይ በኋላ ነው ማለት ነው?" አሏት ሐጂ።

"እሱ ያውቃል ሐጂ።"

"እንግዲያው ሰጥቻለሁ" አሉ ሸኩር። "አንድ ነገር ብቻ፦ 'ትማራለች' አትበሉኝ። ጠረጴዛዋን ተሸክማችሁ ሂዱ፣ ፋሂም ቤት ከሷ በፊት እሱ ይግባ።"

ጠረጴዛው ዋንዛ ነው፤ ሩፈይዳ ገና ስምንተኛ ክፍል ስታልፍ አባቷ በእጃቸው የሠሩላት። ሐጂ ሀቢቡላህ ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች "ቢስሚላህ" ብለው አነሱት፤ እያቃሰቱም እየሳቁም በር ላይ ወዳቆሙት ፒክአፕ ወሰዱት። ሩፈይዳ ኮምፒውተሯን ታቅፋ "ቀስ በሉ፣ እግሩን!" እያለች ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች።

አፊፋ ጠረጴዛው በቆመበት ባዶ ቦታ ላይ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ሸኩር ገቡ። ሳቃቸው አልቋል። አዩዋት፣ ከዚያ ከኪሳቸው ሜትራቸውን አወጡ።

"አንቺስ ልጄ፣ አጋሮ ያለው ክፍልሽ ወርዱ ምን ያህል ነው?"

አፊፋ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እልልታ ነበር።

"አሁን ደግሞ ለምንድን ነው?" ብላ ጮኸች ዘይቡ ከማድ ቤት።