የከንፈር ጣጣ

«ውረድ!» አለ ማታቱ የሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ረዳት፣ የመኪናውን በር በቡጢ እየደበደበ። «አሁኑኑ ውረድ!»

ካሣሁን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ከኢስትሊ ሰፈር እንደ ተነሡ፣ ረዳቱ ባለፈው ቅዳሜ እናቱን እንደ ቀበረ ለአንድ ተሳፋሪ በእንግሊዝኛ ሲነግረው ሰማ፤ አዘነለትና፣ አሳዳጊ እንዳልበደለው ሰው፣ ከንፈሩን መጠጠ። ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነበር።

«ሶሪ! ሶሪ!» አለ በድንጋጤ። ከልቡ ማዘኑን ለማስረዳትም አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ረዘም አድርጎ፣ መጠጠ።

ተሳፋሪው በአንድነት ጮኸ። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። አንዲት ወፍራም ሴት ጃንጥላዋን አነሣች።

ካሣሁን አራት ሰዓት ላይ ጊጊሪ መድረስ ነበረበት፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመጋዘን ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። ሚስቱ ዕፀገነት ልትወልድ ወር ቀርቷታል። አሁን ከወረደ ሥራውን እንደማያገኘው ያውቃል።

ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማና ዞረ። አቶ ተኽለሚካኤል ናቸው።

እኒህ ኤርትራዊ ሽማግሌ ካሣሁን በሚኖርበት ሕንፃ ይኖራሉ። አዲስ አበባ በማተሚያ ቤት ሠርተዋል፤ ናይሮቢ ብዙ ዘመን በመቀመጣቸው ስዋሂሊን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ካሣሁን ግን ውሎው ከሐበሻ ሱቅ ስላልወጣ በአራት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ በቀር አልለመደም። ሁለቱ ቀድሞ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ባድመ የማን እንደ ሆነች በሰሌዳው ላይ ተጣሉ፤ መንግሥታቱ ስምምነት ሲፈራረሙም እነርሱ አልታረቁም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሽማግሌው ከካሣሁን ጫማ ፊት እንትፍ ይላሉ፤ ካሣሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያልፋል። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በቃሉ አጥንቶታል።

«ጋሼ ተኽለ፣ ምን አድርጌ ነው?»

«ዛሬ ጋሼ ሆንኩ?»

«በማርያም! ቀጠሮ አለብኝ።»

«በሞተችው እናቱ ተሳለቅህ። በዚህ አገር ከንፈር መምጠጥ ማለት እኔ ደረጃው ላይ የማደርግልህ ነገር ነው።»

«እኔ እኮ አዝኜለት ነው!»

«አውቃለሁ። እናንተ ስታዝኑም ሰው ታስቀይማላችሁ።»

«እናንተስ ከንፈር የላችሁም?»

«አለን። የት እንደምንመጥጠው ግን እናውቃለን።»

ረዳቱ የካሣሁንን ኮሌታ ጨበጠ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡና በስዋሂሊ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጃንጥላው ዝቅ አለ። ረዳቱም ኮሌታውን ለቆ የካሣሁንን ራስ በርኅራኄ ዳበሰው።

«ምን አሏቸው?»

«ወንድሜ ነው፤ የከንፈር በሽታ አለበት አልኩ። በል ጎንበስ በል። አደራህን፣ ለምስጋና ብለህ እንዳትመጥጥ!»

አመሻሹ ላይ ደረጃው ላይ ተገናኙ። የሚያያቸው ሰው አልነበረም። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አፋቸውን በምራቅ ሞሉ። የካሣሁንም አንገት ወደ ግድግዳው መዞር ጀምሮ ነበር፤ መለሰውና ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ጀምር አሉኝ።»

ተኽለሚካኤል አፋቸው እንደ ሞላ ቀና ብለው አዩት። የካሣሁንን ጫማ አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። ከዚያም ፊታቸውን አዙረው እዚያው ስንጥቁ ላይ ተፉት።

«ዳማው እኔ ጋ ነው» አሉ።