የጥሪ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ሙከራ

ማስታወቂያ። ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፦ የድርጅታችን ዋና መሥሪያ ቤት በር ከዛሬ ጀምሮ ወደ ውስጥ መከፈቱ ቀርቶ ወደ ውጭ የሚከፈት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን። ማኔጅመንቱ።

ድርጅቱ «ጥሪ ሶፍትዌር» ይባላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ መርሳ ላይ አስፋልቱ ዳር ያለች፣ ድሮ ሽንኩርት ይከማችባት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። ክቡራን ደንበኞች እስካሁን አልተገኙም። ማኔጅመንቱ ሶስና ናት፤ ጥበቃውም፣ ጽዳቱም፣ የቴክኒክ ክፍሉም እሷው። በሩ በጦርነቱ ተገንጥሎ ስለነበር መልሳ የገጠመችው ራሷ ነች። ወደ ውጭ መከፈቱ በዕቅድ የተያዘ አልነበረም።

ሶስና የተመረቀችው በታሪክ ነው። ኮምፒውተሯ «ስህተት» ብሎ ቀይ ጽሑፍ ሲያወጣባት፣ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማራት፣ ይህን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ፈልጎ ጻፈው ብላ ትመረምራለች። ጦርነቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ጎተራ ውስጥ ጤፍ አልብሳ ሸሽጋው ነበር፤ ዛሬም ፊደል በተጫነች ቁጥር ጤፍ ይፈናጠራል። ከተማው ሲረጋጋ ስልክ ተመለሰ፣ ኢንተርኔት ቀረ። እሷም ድሮ ካወረደቻቸው ቪዲዮዎች ኮድ እየገለበጠች፣ ሲም ካርድ በገባበት ሞደም ለብዙ ሰው ባንዴ አጭር መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር ሠራች።

ለእድር ነበር ያሰበችው፤ የአባላቱንም ስልክ ቁጥር ሁሉ አስገብታ ጨርሳለች። የእድሩ ጡሩምባ በዚያ ግርግር የት እንደገባ አልታወቀም። ቢገኝም እንኳ፣ ያን ሁሉ ተኩስ የሰማ ሕዝብ ድንገት ጡሩምባ ቢነፋበት የሚሮጠው ወደ ለቅሶ ቤት ሳይሆን ወደ አልጋ ሥር ነው። እናም ለቀስተኛው ቀብር ካለቀ በኋላ እየደረሰ አስቸገረ።

የእድሩ ዳኛ፣ የከባድ መኪና መካኒኩ አቶ አዳነ፣ ሐሳቡን ሰምተው ሳቁባት።

«ልጄ፣ ሞት በማሽን አይነገርም። ሰው ደንግጦ፣ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ነው የሚወጣ። በስልክማ ‹ሒሳብዎ አነስተኛ ነው› ከሚለው ጋር ይደባለቅብናል።»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይሞከር።»

«ማን ሞቶ ይሞክርልሽ?»

ነገሩ ለእሑድ ስብሰባ ተቀጠረ። እናቷም ቁርጡን ነገረቻት፦ እድሩ እምቢ ካለ ያ በር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይከፈትም። ሶስና ወልድያ ሄዳ፣ አክስቷ የሻረግ ሱቅ ውስጥ ፓስታና ሳሙና ትሸጣለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሶስና ወደ ራሷ ስልክ ብቻ አንድ ሙከራ ልትልክ ተቀመጠች። ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነውር ነው ብላ «ሞተ» የሚል ቃል አልጻፈችም፤ «አረፈ»ም አላለች። ጨዋ መልእክት ነበር፦ «ከእድሩ፦ አባላት አቶ አዳነ ቤት ድረሱ።»

ተጫነችው። ሁለት ፍሬ ጤፍ ተፈናጠረ። «ለሁሉም አባላት ተልኳል» አለ ኮምፒውተሩ።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚልከው ቁልፍ ሥዕሉ ተሥሎ ሥራው ገና እንዳላለቀ ትዝ ያላት ያኔ ነው። «ይህ ሙከራ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል ኔትዎርኩ ሄደ።

እድር ደግሞ «እገሌ ቤት ድረሱ» የሚለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ማን ሞተ ተብሎም አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይኬዳል፣ እዚያ ሲደረስ ይታወቃል።

ሶስና እየሮጠች ስትደርስ ድንኳኑ ቆሟል። የእድሩ ዕቃ ኃላፊ አብዱልሐሊም የመጨረሻውን ካስማ ይመታል።

«ኢና ሊላሂ፣ ሶስና። ደግ ሰው ነበሩ።»

«ማን?»

«እሱን ገና አላወቅንም።»

ይህን ጊዜ አቶ አዳነ ከጋራዥ በአንድ እግር ጫማ «ጽጌ! ጽጌዬ!» እያሉ ደረሱ፤ እሳቸውም አባል ናቸውና መልእክቱ ደርሷቸዋል። በወዲያ በኩል ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ከወፍጮ ቤት ዱቄት እንደለበሱ «አዳነን! አዳነን!» እያሉ መጡ። ድንኳኑ በር ላይ ተገጣጠሙ። ከሠርጋቸው ወዲህ ሰው ፊት ተቃቅፈው የማያውቁ ባልና ሚስት ተናንቀው ቀሩ። ሲላቀቁ አቶ አዳነ በዱቄት ነጭ፣ ወይዘሮ ጽጌ በግራሶ ጥቁር ሆነው ነበር።

«ታዲያ ማን ነው የሞተብን?» አለ አብዱልሐሊም መዶሻውን እንደያዘ።

ሶስና እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። «ማንም። ሙከራ ነው።»

ከዚያ በኋላ የወረደባትን ስድብ ሁሉ ብንጽፈው ወረቀት አይበቃንም። ንፍሮው ግን ተጥዶ ስለነበር፣ እህል አይጣልም ተብሎ ሰዉ ተቀመጠ። አቶ አዳነም ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ «እሑድ ድረስ ምን አስጠበቀን፤ ይቺን ማሽን ዛሬውኑ ነው የምንቀብራት» ሲሉ፣ ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

የወረዱት አቶ በርሀ ናቸው። ዘራቸው ከትግራይ ነው፤ መርሳ ኖረው፣ የአቶ አዳነን የበኩር ልጅ ክርስትና አንስተው፣ በኋላ ወልድያ የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። ጦርነቱ ሲጀመር አንዱ «የናንተ ሰዎች» አለ፤ ሌላውም «የናንተ ሰዎች» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አቶ በርሀ የእድሩን ወርኃዊ መዋጮ ግን አላቋረጡም፤ ስልካቸውም ከአባላቱ ዝርዝር አልወጣም።

ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው፣ «አዳነ ወንድሜ! ሰላም ሳልልህ! ሰላም ሳልልህ!» እያሉ ገቡ። በእንባ ስለታወሩ አቶ አዳነን ራሳቸውን አልፈው ሄዱ።

አቶ አዳነ የያዙትን ንፍሮ ዋጡ። «እግዜር ያጽናህ፣ በርሀ።»

አቶ በርሀ ዞሩ። «አለህ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ከሲሪንቃ ጀምሮ ያለቀስኩትን ምን ላድርገው፣ አንተ ከይሲ! ሾፌሩ እንኳ አልቅሷል!»

«ተቀመጥ። ጨው የለውም እንጂ ንፍሮ አለ።»

ተቀመጡ። አንዱ አግዳሚ ላይ አንገት ለአንገት ገጥመው ያወሩትን የሰማ የለም። የአቶ በርሀ ጋቢ ትከሻው ላይ የአምስት ጣት ግራሶ እንዳለበት ግን ሁሉም አየ።

ቆይተው አቶ አዳነ ተነሡ። «ይህ እድር ከተመሠረተ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶለት አያውቅም። ዛሬ ሞልቷል። ስለ ልጅቱ ማሽን እንወስን።»

ሶስና የአክስቷ መደርደሪያ ከነፓስታው ታያት።

«የኔ ድምፅ ይጽደቅ ነው» አሉ። «የምትስማሙ እጅ አውጡ።»

መጀመሪያ የወጣው የወይዘሮ ጽጌ እጅ ነው። ቀጥሎ የአቶ በርሀ። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ እጅ ሆነ፤ ሶስና ቆማ አለቀሰች፣ ለቅሶ ቤት ስለነበር ያስተዋላት የለም።

አብዱልሐሊም ግን አልዋጥልህ አለው። «አያ አዳነ፣ ሞት በማሽን አይነገርም ያሉን እርስዎ አይደሉ? ማሽኗ ደሞ ይኸው በቁምዎ ገደለችዎ። በምን ሒሳብ ነው የሚያጸድቋት?»

አቶ አዳነ ንፍሮ ዘግነው ለአቶ በርሀ አቀበሉ።

«አልናገርም» አሉ።

«ኧረ ለቃለ ጉባኤው እንኳ፣ አንድ ምክንያት…»

«አልናገርም አልኩህ። ድንኳኑን ንቀል።»