ባለጉትያዋ ቆቅ

አሥራ አራት ዓመት የሆቴል ፍራሽ ሳነሳና ሳነጥፍ ወገቤን ጨረስኩት። ሐኪሙ «ይሄ ሕመም አይለቅሽም፣ አብረሽው መኖር ልመጂ» አለኝ። ባል ያገኘልኝ ነው የሚመስለው።

በሁለት ሺህ ሃያ ማርች፣ በኮሮናው፣ ሆቴሎቹ ሲዘጉ የቬጋስ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥም ስለማልችል ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። የምኖረው ከታናሽ እህቴ ከሰኢዳ ጋር ሮድስ ራንች የሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው። በጓሮው መስታወት በር በኩል ጥቁር ጉትያ ያላቸው የበረሃ ቆቆች ይመጣሉ። ሰው ቆሞ ጀርባቸውን ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ተኝቼ ዓይን ለዓይን እንተያይ ነበር። የአንዷማ ኩራት አይጣል ነው። እሷን በስፌት ልሠራት ቆረጥኩ።

ስፌት ልጅ ሆኜ ደሴ የተማርኩት ነው። እዚህ ስንደዶ የት ይገኛል? ጎረቤት ዘንባባውን ሲያስከረክም ቅጠሉን ለቅሜ ሰነጠቅሁት፣ በሽንኩርት ልጣጭና በቀይ ሥር ቀቅዬ ቀለም አስያዝኩት። አሥር ደቂቃ እሰፋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ። ሺፍቴ ይሄ ሆነ። ደህና ስሆን ስፌቱ ጥብቅ ይላል፤ ሕመሙ ሲነሳብኝ እጄ ይዝልና ይላላል። በዚህ በጣም እናደድ ነበር።

በዓመቱ ግሪን ቫሊ አካባቢ በእጅ የተሠሩ የወፍ ቅርጾች ውድድር እንዳለ ሰምቼ ተመዘገብኩ። ለሽልማቱ ብዬ አይደለም። ሰው «መሪማ ታማለች» ሲል «አበቃላት» ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ጀምሬ በገዛ እጄ መጨረስ ነበረብኝ።

ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ወገቤ ቀስፎ ያዘኝ። መድኃኒቴን ውጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ የቆቋ ግራ ክንፍ አልቋል። ሰኢዳ ከካዚኖ ሥራዋ መጥታ፣ አሳዝኛት፣ ሰፍታ ጨርሳልኛለች። የሷ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፣ ከኔ ያምራል። ግን የሰው እጅ ይታወቃል። እኛ አገር አንድ ሞሰብ ሁለት ሴቶች ከሰፉት እናቶች በጣታቸው ዳብሰው «እዚህ ጋ እጅ ተቀይሯል» ይላሉ። በወስፌው እየነቀልኩ ፈታሁት።

ሰኢዳ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ መፍታቴን ግን አልተውኩም። ከዚያ በጎኔ ተኝቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ሰፋሁ። ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻዋን ላባ ጨረስኩ፣ ከሰዓት አስረከብኩ።

በውድድሩ ቀን ማስካችንን አድርገን ሄድን። ዳኛዋ ሽበታም ሴትዮ ናቸው። ክንፏን ዳበስ አደረጉና፣ ላባው አንዱ ጋ ጥብቅ፣ አንዱ ጋ ላላ ያለ ነው፣ ልትበር ስትል ንፋስ የገባባት ትመስላለች፣ እንዴት አስበሽ ሠራሽው አሉኝ። ምን እደብቃለሁ? ጥብቁ ደህና የነበርኩበት፣ ላላው የታመምኩበት ቀን ነው አልኳቸው። የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን ከቆቋ አጠገብ አኖሩ። ሰኢዳ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። እኔም ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ወደ መኪናችን ስንሄድ ሰኢዳ ክንዴን ደግፋ፣ ያን ያህል ከምትሠቃዪ ለኔ ብትተዪልኝ ምን ነበረበት አለችኝ።

«አመመኝ አልኩሽ እንጂ፣» አልኳት፣ «መቼ አቃተኝ አልኩሽ?»